ለእንግዳ የጸዳ ግድግዳ

ዛሬ ጠዋት የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ፣ ልጅ ሳለሁ አቮንዴል እስቴትስ የምትባል ከተማ አጠገብ የኖርንበት አሮጌ አፓርታማ ትዝ አለኝ። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሮ፣ ወንድሜን ሳል አልለቀው ብሎ ነበር። ሕንፃው ለጤና አይሆንም ከተባለ ይፈርሳል፣ እኛም ደህና ቤት ይሰጠናል ስለተባለ፣ እናቴ ደውላ የጤና ኢንስፔክተር ቀጠረች።

በቀጠሮው ቀን እሷ ሥራ ስትሄድ፣ አያቴ ነጠላዋን አገልድማ ግድግዳውን በበረኪና ትፈትገው ጀመር።

«እማማ፣ ሰውዬው እኮ የሚመጣው ሻጋታውን ሊያይ ነው!» አልኳት።

«ታዲያ እንግዳ ገመናችንን አይቶ ይሂድ?» አለችኝ።

ኢንስፔክተሩ ነጩን ግድግዳ በጣቱ ነካ አደረገና ጣቱን አሸተተ። አያቴን አየት አደረጋት፤ የሰጠችውን ሻይ ጠጣ፤ አመስግኖ ወጣ። ምን ገብቶት ይሆን? እናቴ ስትሰማ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። እኛም እዚያው ከረምን።

ይኸው አሁን ደግሞ ኮንየርስ ከተማ ያለው ቤቴ ምድር ቤቱ ሻግቶብኝ፣ የሚያይልኝ ሰው ቀጥሬያለሁ። ሰውዬው ደጄ ላይ ፓርክ ሲያደርግ ሰማሁት። ጓንቴን እያወለቅኩ ግድግዳውን ዞሬ አየሁት። ነጭ ሆኗል።