ለሐጂ የነገርኳቸው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። በሥራዬ አላፍርም፤ ጅማ ውስጥ ጥሩ የቆዳ ሐኪም ሲፈለግ ስሜ ይነሳል፣ ይገባኛልም። የማፍረው ቦታውን ባገኘሁበት መንገድ ነው።

ነጃት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ስፔሻሊቲ በምንመርጥበት ዓመት ለቆዳ ሕክምና የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ምርጫው በውጤት ቅደም ተከተል ነው፤ እሷ ደግሞ ትበልጠኛለች። ልጇ ሂክማ ገና ጡት አልጣለችም ነበርና ነጃት ማታ ማታ ቤቷ የምታድርበት ሥራ ፈለገች። እኔም ያንኑ ፈለግኩ። እኔ ልጅ እንኳ አልነበረኝም።

ብለምናት ምናልባት ትተውልኝ ነበር። አልለመንኳትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጋሮ፣ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ነጃት ከአባቷ ቃል እንደማትወጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው እኒህ ሰው የተሰጣ ቡና እያገላበጡ ነበር።

"ሐጂ፣ የቆዳ ሐኪም እኮ ቅባት ነው የሚያዝዘው። የነጃት ጭንቅላት ለቀዶ ሕክምና ነው፤ እርስዎ ይንገሯት" አልኳቸው።

ማገላበጡን ተዉት።

"ወላሂ፣ ቅባትማ መርካቶም ይሸጣል። ገለቶሚ ልጄ፣ ደግ አደረግሽ" ብለው አመሰገኑኝ።

ቡና ቋጥረው ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ያልኩትን አምኜበት ነበር? በጭራሽ። ይህን ሙያ የሚንቁ ሰዎችን አልወድም ነበር። ሲያስፈልገኝ ግን የእነሱኑ ንቀት ይዤ አጋሮ ወረድኩ።

ነጃት ቀዶ ሕክምና ገባች። ዛሬ አጋሮ ስትሄድ ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሳላታል። "ታዲያ በምን በደልሻት?" የምትሉኝ አትጠፉም። እኔም ለዓመታት ራሴን በዚሁ ሳታልል ኖሬያለሁ። እኔ ግን ለእሷ ክብር ብዬ አልሄድኩም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ለመግባት ብዬ ነው የሄድኩት።

ሂክማን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። እናቷ ቀዶ ጥገና ክፍል ናት፤ ጊዜ ያለኝ እኔ ነኛ። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀው እኔ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት መምህሯ "እናትሽን ይዘሽ ነይ" ብትላት እኔን ይዛ ሄደች። ለነጃት ነገርኳት። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? አላህ ይስጥሽ" አለችኝ።

"ምንም አይደል" አልኳት። እኔ። ምንም አይደል አልኳት። ይህ አጋሮ ከሠራሁት ይብሳል።

ሐጂ አርፈዋል፤ እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም። ነጃትንም ዛሬ ይቅር በይኝ አልላትም፤ ሰው ይቅር ማለት ይቀላታል፣ ወዲያው ትለኛለች። መጀመሪያ ትቆጣኝ፤ የሚገባትን ያህል ትቆጣኝ። ነገ ሂክማን ልትወስድ ስትመጣ ይህን ወረቀት በእጇ እሰጣታለሁ፤ አንብባ እስክትጨርስም ከፊቷ አልነሳም።