የእትዬ በዛወርቅ ወፍጮ ወደ መብራት ሲዞር

በ1998 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ፣ የመሐል ሜዳ ከተማ የመብራት ሠራተኛ የሆነው ባዘዘው፣ እትዬ በዛወርቅ ቤት ተጠራ። እትዬ በዛወርቅ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የናፍታ ወፍጮውን ብቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። መንገዱ በጨቀየ ቁጥር ናፍታ እየጠፋ ቢያስመርራቸው፣ ወፍጮውን ወደ መብራት ለማዞር ቆርጠው ወጪውን እንዲገምትላቸው ፈለጉ።

ባዘዘው ወፍጮ ቤቱን ያውቀዋል። በልጅነቱ እናቱ ገብስ ሲያስፈጩ ጆንያ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ የሚወስደው እዚያ ነበር። የትኩሱ ዱቄት ሽታ ገና በሩ ላይ ተቀበለው። ሽቦውን ተከትሎ ሲመረምር ግን ፊቱ ጠቆረ። የነበረው ገመድ አምፖል ከማብራት አያልፍም። ለወፍጮ ሞተር ከምሰሶው ጀምሮ ወፍራም ገመድና ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ግምቱ እትዬ በዛወርቅ ካሰቡት እጥፍ ሆነ።

ሌላ ሠራተኛ በነበረው ገመድ እጨርሳለሁ እንዳላቸው ነገሩት።

«አሳንሼ ብነግርዎ ደስ ባለዎት፤ ግን ሽቦው ግሎ ቤቱ ቢነድ በዚህ ደጅ በምን ፊቴ አልፋለሁ?» አላቸው።

እትዬ በዛወርቅም «ባሌም እንዳንተ ነበር፤ ክፉውን ያስቀድማል» አሉ።

ወጪውን ለመሸፈን ሙክቶቻቸውን ሸጡ። አሮጌውን ሞተር ከቀየት የመጣ ሰው ገዝቶ መኪና ላይ ሲያስጭን፣ በነጠላቸው ጫፍ ዘይቱን ጠረጉለት።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን አዲሱ የመብራት ሞተር ያለ እንከን ተነሣ፤ ደጁ ግን ጭር አለ። ለካ ገበሬው ወፍጮው መሥራቱን የሚያውቀው ከሩቅ በሚሰማው የናፍታው ጩኸት ኖሯል። ድምፁን ሲያጣ ተበላሽቷል ብሎ እህሉን እንደጫነ ያልፋል። ባዘዘው ይህን ከግምቱ አላስገባውም። ገበያ መሐል ገብቶ ባለ አህያውን ሁሉ እየለመነ መለሰ። ከቀትር በኋላ ወረፋው መንገድ ዘጋ።

እትዬ በዛወርቅ ከወረፋተኞቹ ጋር እየጮኹ ሲጨዋወቱ ሴቶቹ ሳቁባቸው። በናፍታው ሞተር ጩኸት ውስጥ ዘመናቸውን ሙሉ ሲጣሩ ኖረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጠፍቷቸዋል። ከዚህ ዓለም እስኪለዩም አልቻሉበትም። ባዘዘው ዛሬ በዚያ ሲያልፍ፣ ከመንገድ ማዶ «ና ግባ እንጂ!» እያለ ይጠራው የነበረውን ድምፃቸውን በማጣቱ እርምጃው ይዘገያል።