ያላጠጣሁት አርማታ

ግንበኛው አያ ዋሴ በሰው ፊት በጥፊ መታኝ። ይኼን አስቀድሜ ልጻፈው፤ እውነት ነውና። የኋለኛውን ግን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም፣ ለነፍስ አባቴም እንኳ፣ ተናግሬው አላውቅም።

ጣሊያን ፍኖተ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ የአንዲት ትንሽ ድልድይ አርማታ ተሰነጠቀና እንድንጠግን ተላክን። አያ ዋሴ የአገው ሰው፣ እጀ ብልህ ነበር። እኔ አቡኪ ነበርሁ። ማቡካቱ እንዲቀለኝ ሲሚንቶው ላይ ውሃ አበዛሁ። "አጥሚት ነው እንዴ የምታቀጥነው? እዚህ ማን ወለደ!" ብሎ መታኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ቀረ፤ "አጥሚት፣ አካፋ አምጣ!" ሆነ። የተበደልሁት ይኼን ያህል ነው።

ጥገናው ያለቀ በጸሎተ ሐሙስ ነው። እዚያ ቆላ በሚያዝያ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል፤ አዲስ ሲሚንቶ ውሃ ካጣ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። አያ ዋሴ ጆንያ አለበሰውና፣ "ሰባት ቀን እንዳይደርቅ፤ ሲሚንቶ በዓል አያውቅም" ብሎኝ ለፋሲካ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላውም ተበተነ። ጠባቂ የቀረሁ እኔ ነኝ።

አላጠጣሁም። ስቅለትን ጥላ ሥር ተቀምጬ ጆንያው ሲደርቅ አየሁ። ቅዳሜም አላጠጣሁም። ለፋሲካም አላጠጣሁም። ወንዙ ከእግሬ ሥር ይሄድ ነበር፤ ባልዲው አጠገቤ ነበር። ደክሞኝ ነው? አልደከመኝም። በዓል መሻር ፈርቼ ነው? ለራሴ እንዲያ አልሁት። ሰኞ አያ ዋሴ ብቅ ሲል ጆንያውን አራስሁ።

ከወር በኋላ ካሚዮን ሲያልፍ ጥገናው እንደ ቅርፊት ተላጦ ወደቀ። የመንገዱ አለቃ ጣሊያን የቀረውን በመዶሻ ቢመታው እንደ ቅል ጮኸ። "ሆን ብላችሁ ነው" አለን በአስተርጓሚ። አያ ዋሴ ወደ እኔ ዞረ።

"አጠጥተሃል?"

"እግዜርን!" አልሁ።

"እንግዲያ እሱ የለበትም፤ የሲሚንቶውን ልክ የሰጠሁ እኔ ነኝ" አላቸው አያ ዋሴ ለጣሊያኖቹ። በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። አልተመለሰም።

ጣሊያን ሲወጣ ሰዉ ሆን ብለን ያበላሸነው መስሎት "የድልድዩ ጀግኖች" እያለ እኔንም ከሱ ጋር ያነሣኝ ጀመር። የጋበዙኝን ጠላ ጠጣሁ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ፊደል የቆጠርሁ ጎልምሼ ነው፤ በገዛ እጄ ስጽፈው ቃሉ "ገደልሁት" ነው፤ ሌላ አይሆንም።

በመጨረሻ ድንጋይ ተሸክሜ ከአያ ዋሴ ሚስት ከእመት ጥሩ ደጅ ተንበረከክሁ። ሁሉን ነገርኋቸው።

"ለፋሲካ ና ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ" አሉ። "ሥራውን አስጥዬ አስገደልሁት ስል አሥራ ሦስት ዓመት ኖርሁ። አንተ እዚህ ቡሬ ገበያ እያየኸኝ!"

ድንጋዩን ከጫንቃዬ ራሳቸው አወረዱት። እግዜር ይፍታህ አላሉኝም፤ አንተም የምታነበው አትበለኝ። ገብተው በራቸውን ዘጉ። ነገሩ ያለቀ ያን ዕለት ነው፤ ጥር ፮ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.።