የወርቄ ቃሬዛ

ያርጋል እግሩ የተባረከ በቅሎ ነጂ ነበር። የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ከደባርቅ ከተነሳ አምባራስ ደርሶ እስኪመለስ ደከመኝ አያውቅም። ቃሬዛ ሲባል ግን ወገቡን ያመዋል! ያኔ የመኪና መንገድ መንደሩ አልደረሰም፤ በሽተኛ ደባርቅ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ወንድ የተባለ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ያርጋል መደብ ላይ ይጋደማል። የጎረቤቱ የአለነ እናት የታመሙ ቀን እንኳ «ወገቤን» ብሎ ቀረ። በማግስቱ ተሸካሚዎቹ እናቲቱን አድርሰው ሲመለሱ፣ የፈረንጅ ሻንጣ አዝሎ ዳገቱን ሽቅብ ሲል መንገድ ላይ አገኙት። ሻንጣውን አይተው አለፉ።

ክረምት ሲገባ ሚስቱ ወርቄ ምጥ ጠናባት። ልጁ በእግሩ መጥቶ አልወጣ አለ። የልምድ አዋላጇ እማማ ስጦታ «ዛሬውኑ ደባርቅ ካልደረሰች አትተርፍልህም» አሉት። ያርጋል ጥሩምባውን ራሱ ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። ማንም አልወጣም። ሮጦ አለነ እግር ላይ ወደቀ።

«ወገቤን» አለው አለነ፣ ሞፈሩን እየጠረበ።

የቅሬው፣ የመንደሩ እድር ዳኛ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ በረረ።

«ጋሼ፣ እኔን ይግደሉኝ! እሷ ምን አጠፋች?»

«እሷማ ምን ታጠፋለች» አሉ ሽማግሌው። «በቅሎ አለህ አይደል? ጫናት።»

ምን ያድርግ? ጫናት። የምጥ ሴት በጭነት ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳትወድቅ በገመድ አስሮ፣ ፈረንጅ ፎቶ በሚያነሳበት ገደል አፋፍ አፋፉን ነዳ።

«አውርደኝ ያርጋል! በማርያም አውርደኝ!»

«ቀርቧል የኔ እመቤት፣ ከዚያች ጉብታ ማዶ ነው» ይላታል። ለፈረንጆቹም ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የሚላቸው። ሳንቃ በር ሳይደርሱ ወርቄ ዝም አለች። ገመዱን ሲፈታ ትከሻው ላይ ወደቀችለት።

መንገደኛ ወሬውን መንደር አደረሰ። ለሬሳ ማን ይቀራል! ጥሩምባው አንዴ ቢነፋ አገር ወጣ። አለነም ቃሬዛውን ተሸክሞ ከፊት ከፊት መጣ። ወርቄን ከነልጇ ገንዘው አነሷት፤ እየተቀባበሉ ዳገቱን ጀመሩ። ያርጋል እያለቀሰ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር ሊያስገባ ተጠጋ።

አለነ በክርኑ ገፋው።

«ተው አንተ። ባለ ሐዘን አይሸከምም» አለው። «ደግሞም ወገብህን ያምሃል።»