የእትዬ በቀቀን

እትዬ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ዝናብ ሲጥል በራቸውን ዘግተው አያውቁም ነበር። መቱ ላይ ደግሞ ዝናብ መች ይጠፋል። ከገበያ የሚመለስ ሰው ጣሪያቸው ሥር ሲጠለል፣ «ግቡ እንጂ፣ ደጅ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላሉ። በቀቀናቸውም ይህንኑ ለመደ፤ ያውም በእሳቸው ድምፅ።

እሳቸውን ከቀበርን ወዲህ ቤቱም ወፉም ለእኔ ቀሩ። ትልቅ ወፍ ነው። የመስኮቱን እንጨት ቦርቡሮ ጨርሷል፣ ጣቴንም ነክሶ ያደማኛል። አንገቱን እንዳክለት ጎንበስ ሲልልኝ ግን ሁሉንም እረሳለታለሁ።

ጥሪውን ብቻ አልቻልኩትም። እኔ ጭቃ ይዞ የሚገባ እንግዳ አልወድም። ስለዚህ ደመናው ሲከብድ፣ ጨልሞበት ዝም እንዲል የሽቦ ቤቱን በእትዬ ጋቢ እሸፍነዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዘገየሁ። ጋቢውን አንስቼ ሳልደርስ ወፉ ተጣራ፣ በሩም ተንኳኳ። ከዳሪሙ በእግራቸው የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ልብሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ ግቡ ሲሉኝ ሰምቼ ነው። የት አሉ?»

«አርፈዋል» አልኳቸው፣ ከበሩ ሳልነቃነቅ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ነፍስ ይማር። ይቅርታ ልጄ፣ ያሉ መስሎኝ ነው» አሉና ወደ ዝናቡ ተመለሱ።

ከኋላዬ ወፉ፣ «ደጅ ምን ታደርጋላችሁ?» አለ። ጋቢው እጄ ላይ ነበር።