ለጥርስ ብሩሽ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ ሮቤ ድረስ ይዛልኝ የመጣችው ስጦታ በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ ሲከፍቱት እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፣ ጊዜው ሲሞላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ዝም ይላል። ተራውንም የእጅ ብሩሽ ጨምራ ስለነበር «እማዬ፣ የቱ ይሻልሻል?» ስትለኝ ሳላመነታ የባትሪውን አነሣሁ። አሮጌ ሰው አዲስ ነገር ይፈራል የሚሉት ወሬ በእኔ እንዲመሰከር አልፈልግም። ግን በመጀመሪያው ማለዳ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ስቆም የጥርስ ሳሙናው ጠረን ሳላስበው አንሥቶ ጎባ፣ አባቴ ደጃፍ ላይ ጣለኝ።

በንጉሡ ዘመን ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለነበረች ኩራቷ ሌላ ነበር፤ ሮቤን እንደ ታናሽ እህት ነበር የምናያት፣ ዛሬ እዚሁ ሮቤ ተቀምጬ ይህን ስል ጎረቤቶቼ አይስሙኝ። አባቴ ተሰማ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አጥራቸው ከአጥራችን የተያያዘው ኦቦ ከድር ደግሞ የጨርቅ ነጋዴ። ጎህ ሲቀድ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው በራችን ላይ ይገናኙ ነበር። ኦቦ ከድር ከጓሯቸው ወይራ ሁለት መፋቂያ ቆርጠው ይመጣሉ፣ አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ለአባቴ። «አከም ቡልተን»፣ እንዴት አደሩ፣ ይላሉ፤ አባቴ የሸዋ ጣዕም ባለው ኦሮምኛው «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል፤ ከዚያ መፋቂያው ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ የገሰራ ገበያ የገብስ ዋጋ፣ ከሪራ ጫካ የሚወርደው ማር መዘግየት፣ የወለደችውና የታመመው ሁሉ ይነሣል። ጥርስ መፋቅ ማለት ለእኔ ወሬ ማለት ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ መራራው የርጥብ ወይራ ሽታ እየሸተተኝ፣ የከተማውን ዜና ከሬዲዮ ቀድሜ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን የአባቴ አለቃ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ቀይ እጀታ ያለው የጥርስ ብሩሽና አንድ ቱቦ የጥርስ ሳሙና አምጥቶ ሰጠውና፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንጨት አፉ ላይ ሰክቶ መንገድ ዳር መቆሙ አያምርም ብሎ መከረው። አባቴ ምክሩን እንደ ደንብ ተቀበለ። ከማግስቱ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ጓሮ ይገባል፤ በጣሳ በረዶ የመሰለ ውሃ ይዞ፣ አረፋው እስከ ጢሙ ወርዶ፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ይሸሹታል። ነገሩ እንደ ወይራው አይደለም፤ በአፍ ሙሉ አረፋ ወሬ አይወራም፣ እየተፉም ሰው ፊት አይቆምም። ፍቆ ሲጨርስ ቢሮው ይረፍድበትና በታችኛው በር ይወጣል።

ኦቦ ከድር በራችን ላይ ሁለት መፋቂያ ይዘው ቆመው ይመለሱ ጀመር። ቢጠይቁ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን የተቀየመን ሰው ለምን ተቀየምክ ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ በእኛ ደንብ ነውር ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ከራሳቸው ዘንድ ፈለጉ፣ አገኙትም፦ በዚያው ሰሞን ጥጃቸው አጥር ጥሶ የእናቴን ጎመን በልቶ ነበር። እናቴ ስቃ የረሳችውን ጎመን እሳቸው ሲያብሰለስሉት ከረሙ። አባቴም በበኩሉ ከድር ጠፋ፣ ንግዱ ይዞት ይሆናል ይል ነበር። የልጅነቴን ደጃፍ ጭር ሲል ያየሁት ያኔ ነው፤ የማላውቀው ፍርሃት ገባኝ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተጣሉ ማን ከማን ጋር ይኖራል አልኩ።

አንድ እሑድ የሰፈራችን መሪጌታና አንድ ሸምገል ያሉ ሐጂ ከኦቦ ከድር ተልከው ቤታችን ገቡ። ወንበር ቢቀርብላቸው «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

«ልጄ ተሰማ፣» አሉ ሐጂው፣ «ጥጃ ላጠፋው ከድርን አትጥላው። ጎመኑን ይክሳል።»

አባቴ ግራ ገባው። «የምን ጎመን? እኔ ከከድር ጋር ምን ጥል አለኝ?»

«ታዲያ ለምን ከበርህ ቀረህ?»

አባቴ አፍሮ ወደ ጓዳ ገባና ብሩሹን አመጣ። መሪጌታ ተቀብለው አገላበጡት፣ ጣታቸውን በፀጉሩ ላይ አሹት። ሐጂው ግን ራቅ ብለው «የምን ፀጉር ነው?» አሉ። አባቴ እኔንጃ፣ የውጭ አገር ነው ሲል «የአሳማ እንዳይሆን ብቻ!» አሉ። መሪጌታ ብሩሹን ወለል ላይ ጥለው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሁለቱ በሃይማኖት ጉዳይ እንደዚያ ቀን ተስማምተው አያውቁም፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ኦቦ ከድር ተጠሩ። ገብተው ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። ከኮታቸው ኪስ አንድ እፍኝ የደረቀ መፋቂያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «ወላሂ ተሰማ፣ ለጎመን ብለህ ፊትህን የነሣኸኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ» አሉ። አባቴ ከደረቁት አንዱን አንሥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት መፋቅ ጀመረ፤ ድዱ ደማ፣ እሱ ግን አላቆመም።

ፍርዱ አጭር ነበር፦ በጓሮህ የፈለግኸውን ፈትግ፣ ማለዳ ግን በርህ ላይ ቁም። አባቴም አለቃው የብሩሹ ፀጉር ናይለን ነው ብሎ ከማለለት በኋላ እስኪሞት ድረስ ሁለቱንም አደረገ፣ ለአለቃው በብሩሽ፣ ለጎረቤቱ በወይራ። የእሱን ያህል የጸዳ ጥርስ ጎባ ውስጥ አልነበረም፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

የዛሬ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ያውሱኛል፣ የፎቃችን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ አላማቸውም። ባለፈው ክረምት ግን ጉንፋን ጥሎኝ ከወር በላይ ከደጅ ቀረሁ። ምን አስቀይመናት ይሆን ብሎ ሽማግሌ የላከብኝ የለም።