በፊልም የሚሞት ሰው ወሬ አያልቅበትም

ከተማችንን መርሳን ለቀን የወጣን ምሽት ፊልም አቋርጠን ነው የተነሳነው። ወንድሜን ሰይድን የምታውቁት ይህን አታምኑኝም። ሰይድ፣ ቤትህ ተቃጠለ ቢሉት እንኳ ፊልም አቋርጦ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ያን ምሽት ግን ኳስና ፊልም የሚያሳየው ቤት ውስጥ፣ ኋላ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን ስልኩ ጠራ። ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረን ደላላ የላከው አይሱዙ ውርጌሳ ደርሷል። ሰይድ ትከሻዬን ነካ አደረገና፣ "ተነስ ማሜ፣ መጨረሻውን ሳዑዲ እናየዋለን" አለኝ። ሳቅሁ። በባጃጅ ውርጌሳ ወረድን፣ ከዚያ በአይሱዙው ሸራ ሥር ሆነን ወደ ሚሌ። እናታችን ወልድያ ለቀን ሥራ የሄድን መስሏታል።

አሁን እኔ ሪያድ ነኝ። ሰይድ የለም። ሰምታችኋል፣ ለቅሶውንም ተቀምጣችኋል፣ አላህ ይስጥልኝ።

በቀደም ከእናንተ ከመርሳ ጓደኞቼ አንዱ፣ "ሰይድ ያደርግ እንደነበረው ስለ አዲሶቹ ፊልሞች የምታስበውን ጻፍልን" ብሎ ላከልኝ። እኔ እንደ እሱ አልችልበትም። ትምህርት ቤትም ድርሰት ሲባል ኋላ ወንበር እደበቅ ነበር። ግን ልሞክር። ደግሞ ስለ ፊልም ሳወራ ሌላ ነገር ለጊዜው ይርቀኛል። እናቴ በደወልኩ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ "ሲሞት ምን አለ?" ትለኛለች። ሸሃዳ ብሎ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ክርስቲያን ጓደኞቼም ታውቁታላችሁ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ ብሎ የሞተ ልጅ እናት ትጽናናለች፣ ያላወቀች ግን እንቅልፍ የላትም። እኔ እስካሁን "ኔትወርኩ ተበላሸ፣ አይሰማኝም" እያልኩ አልፌያታለሁ።

እና ፊልሞቹ።

የምሠራው ኢስቲራሃ በሚሉት ግቢ ነው። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ሀብታሞች በዕረፍት ቀናቸው መጥተው የሚዝናኑበት ቦታ ነው። ዛፍ አጠጣለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ። ምግቡ ሩዝ በሥጋ ነው፣ በየቀኑ ሠርግ ቤት ያለሁ ይመስለኛል፣ ግን ሆዴ አይጠግብም። ማንጎ አምጥተው ቀመስኩ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሽታ የሌለው። የእኛ ማንጎ ከመንገድ ማዶ ሰው ይጣራል። ሙቀቱንማ ተዉት። መርሳ ቆላ ናት እያልን ስናማርር ምን እንደምናወራ አናውቅም ነበር።

ጌታዬ አቡ ፋህድ በነጭ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ፊልም ያሳያል። እኔ ፔርሙዝ ይዤ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። እዚህ ፊልም ሲታይ ዝም ይባላል። እኛ ጋ ግን ሰዉ ከተዋናዩ በላይ ይጮሃል፣ ሌባው ከበሩ ጀርባ እንዳለ ይነግሩታል። ዝምታው ከብዶኛል።

በስልኬ ያየሁት አዲሱ የአማርኛ ፊልም ብዙ አላረካኝም። ሰው ሁሉ ቪላ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ የሚጣላውም ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነው። አንዲት የወሎ ልጅ አለችበት፣ ሥራዋ ቆንጆ መሆን ብቻ ነው። አነጋገሯ ደግሞ የእኛ ዜማ የለውም፣ አንድ የገበያ ቀን መርሳ ውላ ብትመለስ ይሻላት ነበር። የእናትየዋ ተዋናይ ግን ጥሩ ናት። ልጇ እስኪደውል ስትጠብቅ ስልኩን አታየውም፣ እህል ትለቅማለች። እናቶች እንዲያ ናቸው።

የህንዱ ድብድቡ ሸጋ ነው። ጀግናው ግን ሦስት ጥይት በልቶ እናቱን አጽናናት፣ እህቱን ዳረ፣ ጠላቱን ይቅር አለ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሞተው። ሰይድ ቢኖር፣ "ኧረ ሙት፣ ወገኛ!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰው ነበር።

ሦስተኛው ስለ ስደተኞች ነው፣ በረሃ ስለሚያቋርጡ ልጆች። አቡ ፋህድ በግድግዳው ላይ ሲያሳየው እንግዶቹ አለቀሱ። አንዱ በውሃ ጥም ሲሞት ጓደኛው ጭን ላይ ጋደም ብሎ ስለ አገሩ ወንዝ፣ ስለ እጮኛው፣ ስለ ነፃነት ይናገራል። አቡ ፋህድ ዞር አለና፣

"ያ ሙሐመድ፣ እንዴት አየኸው?" አለኝ።

"አፍ ሲደርቅ ምላስ አይታጠፍም። ያ ሁሉ ወሬ ከየት መጣ?" አልኩት በተሰባበረ አረብኛዬ።

"ተዋናይ ነዋ! ዝም ብሎ ቢሞት ማን ያለቅስለታል?"

"ከንፈሩም አልተሰነጠቀም።"

"አንተ ደግሞ ስለ በረሃ ምን ታውቃለህ? አገሬ ተራራ ነው ብለኸኝ የለ?"

"በበረሃ ነው የመጣሁት።"

"በምን?"

"በእግሬ።"

ትንሽ አሰበና፣ "እነዚህ መኪና ነበራቸው" አለ። "በእግር ቢሆን ፊልሙ በጣም ይረዝማል።"

እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ሻይ ጨመርኩላቸው።

በማግስቱ አጎቴ ሐሰን ደወሉ።

"ሸሃዳ ብሎ ነው የሞተው በላትና ትረፍ። ሴትየዋ እህል ትታለች" አሉኝ።

"አንቱ ይንገሯት።"

"እኔ የት ነበርኩና? አንተን ነው የምታምነው።"

ያስቸገረኝም ይኸው ነው፣ ታምነኛለች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወልኩ።

"ዛሬስ ኔትወርኩ ደህና ነው?" አለችኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል።

"ደህና ነው እማ።"

"እንግዲያ ንገረኝ ልጄ።"

ሸሃዳ ብሏል ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም። ያን ቃል እንደ ተዋናይ ንግግር ከራሴ አምጥቼ የሰይድ አፍ ውስጥ ልጨምር አልቻልኩም። ያየሁትን ነገርኳት። ከአይሱዙው ወርደን፣ የጅቡቲን ወሰን አልፈን ወደ ባሕሩ በእግር ስንሄድ ውሃችን አለቀ። አንዲት ግራር ሥር ተቀመጥን። ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ገለጠና እግሬን አየ። "የጫማህ ክር ተፈቷል" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። ቀና ስል አልነበረም።

"ሸሃዳውን እኔ አልሰማሁም እማ። በልቡ ብሎት ይሆናል። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።"

ከኋላዋ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ይሰማኛል።

"አሰርከው?" አለችኝ።

"አሰርኩት።"

"ጠበቅ አድርገህ?"

"ጠበቅ አድርጌ።"

ከስልኩ ራቅ ብላ ለአጎቴ ስትናገር ሰማኋት። "ወንድሙን ጫማ አሳስሮ ነው የሄደው" አለች።

"ሸሃዳውስ?" አሉ አጎቴ።

ትንፋሿ ወደ ስልኩ ሲመለስ ሰማሁ። ስልኩንም አልዘጋችውም። እኔም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ።